ቪዲዮውን ሳያዩ የሚመጡ ተማሪዎችን ችግር እንዴት እንደፈታሁት

የ11ኛ ክፍል ፊዚክስን በተገለበጠ ክፍል ዘዴ (ተማሪዎች ትምህርቱን ቤታቸው በቪዲዮ አይተው፣ የክፍል ጊዜው ለመልመጃ በሚውልበት ዘዴ) ሳስተምር ያስቸገረኝ፣ ብዙዎቹ ተማሪዎች ቪዲዮውን ቤታቸው ሳያዩ መምጣታቸው ነበር። ዋናው ምክንያት የኢንተርኔት ዋጋ መሆኑን ስረዳ፣ በቴሌግራም መላኩን ትቼ፣ ቪዲዮዎቹን ከአሥር ደቂቃ በታች አሳጥሬ፣ ዓርብ ዓርብ በኮምፒውተር ክፍሉ በፍላሽና በሜሞሪ ካርድ እንዲወስዱ አደረግሁ፤ ስልክ ለሌላቸውም ፍሬ ነገሩን በአንድ ገጽ አትሜ እሰጣለሁ። (ዘዴውን ካስፋፉት መካከል የሆኑት የኮሎራዶዎቹ የኬሚስትሪ መምህራን በርግማንና ሳምስም ኢንተርኔት ለሌላቸው ዲቪዲ ያዘጋጁ ነበር።) ሳያይ የመጣ ተማሪ በኮምፒውተር ክፍሉ አይቶ ይመለሳል እንጂ ትምህርቱን ለእርሱ ብዬ አልደግምም፤ ብደግም፣ አይተው የመጡትም በሚቀጥለው ሳምንት ማየቱን ይተዉታል። አሁን የክፍለ ጊዜው አብዛኛው ደቂቃ የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ ጥያቄዎች በቡድን ለመሥራት ይውላል።