ሐሰን ተፈልጎ ለምን ይጠፋል? የፊደል፣ የቀንና የሰዓት ችግሮች ከነመፍትሄያቸው

ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ ሱቆችና መጋዘኖች ትንንሽ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ስልክ ሲደወልልኝ የሚባለው ሁሌ አንድ ነው፤ «ፕሮግራሙ ተበላሸ»። ሄጄ ሳየው ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ደህና ነው። የተበላሸው ፊደላችን፣ ቀናችን ወይም ሰዓታችን የተመዘገበበት መንገድ ነው። ኮድ የተማርንባቸው ትምህርቶች ጳጉሜንን አያውቁም፣ ሁለት ዓይነት «ሰ» አለ ብለውም አያስቡም። ስለዚህ ማስተካከሉ የእኛ ሥራ ነው። ደጋግመው የገጠሙኝን ላካፍላችሁ።

አማርኛው ኤክሴል ላይ ይዘበራረቃል

ከሲስተሙ የወጣው ሲኤስቪ ፋይል (ሠንጠረዥ በተራ ጽሑፍ የሚቀመጥበት) በኖትፓድ ሲከፈት ጥሩ ይነበባል። ኤክሴል ላይ ግን በአንድ ፊደል ቦታ ሦስት እንግዳ ምልክት ይደረደራል፤ የመጀመሪያዋ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ፊደል ናት።

ምክንያቱ፦ ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበት ደንብ ኢንኮዲንግ ይባላል፤ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ኢንኮዲንግ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ኤክሴል የፋይሉን ኢንኮዲንግ የሚነግረው ሲያጣ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ፊደል ያነበዋል።

መፍትሄው፦ ፓይተን የምትጠቀሙ ከሆነ ፋይሉን ለመጻፍ ስትከፍቱ ኢንኮዲንጉን «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» አድርጉት። ይህ ቦም የሚባለውን ምልክት ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ያስቀምጣል፣ ኤክሴልም በእሱ ይለየዋል። ፋይሉ አስቀድሞ ለደንበኛ ተልኮ ከሆነ በኤክሴል ዳታ በሚለው በኩል አስገቡትና ከኢንኮዲንግ ዝርዝሩ 65001ን (የዩቲኤፍ-8 ቁጥር ነው) ምረጡ።

ሳጥን ሳጥን ከታየ የጎደለው ፎንት ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጫኑ፣ አለቀ። የጥያቄ ምልክት ብቻ ከታየ ግን ወዲያው ዳታቤዙን ፈትሹ። እዚያም የጥያቄ ምልክት ካለ ፊደሉ ሲቀመጥ ጠፍቷል፣ በኮድ አይመለስም። ምዝገባውን አስቁሙ፣ የዳታቤዙንና የኮኔክሽኑን ኢንኮዲንግ አስተካክሉ፣ የጠፋውን ከባክአፕ መልሱ።

የተመዘገበ ሰው ተፈልጎ ይታጣል

ኮምቦልቻ ያለ አንድ የእህል መጋዘን ባለቤት «ልጄ፣ ደንበኛዬን ሰረዛችሁት እንዴ?» አሉኝ። የ10 ዓመት ደንበኛቸው ነው። ሚኒባስ ይዤ ከደሴ ወረድኩ። ሰውየው አልተሰረዘም። ጠዋት የገባችው ልጅ «ሐሰን ዑመር» ብላ መዝግባዋለች፣ ከሰዓት የገባው ልጅ «ሀሰን ኡመር» ብሎ ይፈልገዋል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ጋሼ «ታዲያ ያው አይደል?» ሲሉኝ ለእኛ ያው የሆነው ለኮምፒውተሩ ሌላ ቁጥር መሆኑን አስረዳኋቸው።

ወሎ ውስጥ ይህ በየቀኑ ያጋጥማል። ሰይድና ሠይድ፣ አህመድና አሕመድ፣ ኃይሌና ሀይሌ።

መፍትሄው፦ ሰው የጻፈውን ስም አትንኩት፤ መታወቂያው ላይ ያለው እሱ ነው። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ኮለም ጨምሩና ተመሳሳይ ድምፆችን ወደ አንድ ፊደል ሰብስባችሁ እዚያ አስቀምጡ። ረጅም ሠንጠረዥ መጻፍ አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ፊደሎቻችንን በተርታ ስላስቀመጣቸው በመደመርና በመቀነስ ብቻ ይሠራል። ከሐ ቤት ቁጥር 16 ስትቀንሱ ሀ ቤት ትገባላችሁ። ከኀ ቤት 128 ቀንሱ። ሠ ላይ 16 ስትደምሩ ሰ ይሆናል። ከዐ 48 ስትቀንሱ አ፣ ከፀ 8 ስትቀንሱ ጸ ይመጣል። ይህ ለሰባቱም ሆሄያት ይሠራል። በመጨረሻ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ቀይሩ።

የሚፈለገውንም ቃል በዚያው ፈንክሽን አሳልፉት። ብዙ ሰው ይህን ይረሳና ፍለጋው ከበፊቱ ይብሳል። «መሐመድ»ና «ሙሐመድ» ግን የድምፅ ልዩነት ስላላቸው አትጨፍልቋቸው፤ እንደ አማራጭ አሳዩ እንጂ። ፓስወርድ ላይ ደግሞ ይህን ፈንክሽን ፈጽሞ አታስገቡ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደረሰኝ አልቆርጥ ይላል

ደሴ ፒያሳ ያለ ሱቅ ነው። በ2017 መስከረም በሰላም አለፈ፣ ጥቅምት 28ም ሠራ። ጥቅምት 29 ጠዋት «የተሳሳተ ቀን» እያለ አስቸገረ። ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የእኛን ቀን እንዳለ ዳታቤዙ ለፈረንጅ ቀን በሚጠቀምበት ዴት በሚለው ዓይነት አስቀምጬዋለሁ። ዳታቤዙ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ ነው ብሎ ይቆጥራል፣ የ2017 ፌብሩዋሪ ደግሞ 28 ቀን ብቻ አለው። ጳጉሜንም ቢደርስ አይቀበልም ነበር፤ 13ኛ ወር አያውቅም። ከሁሉ የከፋው ግን ዝም ብሎ የሚሠራባቸው ወራት ናቸው። ከኅዳር 30 እስከ ታኅሣሥ 1 ስንት ቀን ነው ብትሉት 2 ይላል። የዱቤ ቀን በዚህ ሲሰላ ሰው ያጣላል።

መፍትሄው፦ ቀኑን እንደ ተራ የቀን ቁጥር (ቀኖች በተከታታይ ሲቆጠሩ የሚደርሰው) ወይም በፈረንጅ ቀን አስቀምጡ፣ ወደ እኛ አቆጣጠር የምትመልሱት ስታሳዩት ብቻ ነው። ስሌቱ አጭር ነው። ዓመቱን በ365 አባዙ። ዓመቱን ለ4 አካፍሉና ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ደምሩ። ወሩን በ30 አባዝታችሁ ደምሩ። ቀኑን ደምሩ። በመጨረሻ 1,723,825 ጨምሩ። መስከረም 1 ቀን 2016ን ሞክሩት፤ 2,460,200 መምጣት አለበት። ያ ቀን በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ነው። ሌላ ቀን ለመቀየር ከውጤታችሁ 2,460,200 ቀንሱና የቀረውን ያህል ቀን ሴፕቴምበር 12 ላይ ጨምሩ። በሁለት ቀኖች መካከል ያለው ልዩነትም ተራ መቀነስ ይሆናል።

ጳጉሜን 6ን ስትፈትሹ ዓመቱን ለ4 አካፍሉ፤ ቀሪው 3 ከሆነ 6 ቀን አለው። 2015 እንዲህ ነበር።

ሰዓቱ ይዛነፋል

መጀመሪያ በተመዘገበው ሰዓትና በእውነተኛው ሰዓት መካከል ያለውን ልዩነት ቁጠሩ። 3 ሰዓት ከሆነ ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) እየሠራ ነው። ኮምቦልቻ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተጫነ መኪና በሪፖርቱ የትናንት ሆኖ ይወጣል። የታይምዞን ስሙን «አፍሪካ/አዲስ አበባ» አድርጉና ሪፖርቱን በእሱ አስሉ። ልዩነቱ 6 ሰዓት ከሆነ ግን ማሽኑን ተዉት። ጸሐፊዋ ጠዋት «3» ብላ የጻፈችው የእኛን ሰዓት ነው። ፎርሙ ላይ «ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት» የሚል ምርጫ አስገቡላት፣ 6 ሰዓቱን ኮዱ ይደምር።