ነፃ የምክር ቀን በገጠር ቀበሌ፦ ጠበቃ፣ ጤና መኮንንና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ አብረው ሲወጡ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በጥብቅና ሥራ እተዳደራለሁ። ከአንድ ጤና መኮንንና በማኅበራዊ ጉዳይ ከምትሠራ አንዲት ባለሙያ ጋር ሆነን ጊዜ ባገኘን ቁጥር ወደ ጎዛምን፣ ወደ ማቻከልና ወደ ስናን ቀበሌዎች እንወጣለን፤ ነፃ ምክር እንሰጣለን። ድርጅት አይደለንም፤ ማኅተምም የፕሮጀክት መኪናም የለንም። በሌሎች ወረዳዎች ያሉ ወጣት ባለሙያዎች “እኛም ልንጀምር ነው፤ እንዴት ነው የምታደርጉት?” እያሉ ስለሚጠይቁን መልሱን አንድ ጊዜ ጽፌ ላስቀምጠው።

ከሁሉ በፊት ሦስት ሁኑ። ብቻዬን እወጣለሁ የሚል ጠበቃ ቢቀርበት ይሻላል። ምክንያቱን በአንድ ዓይነት ጉዳይ ላስረዳ። በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር ባለባቸው ቀበሌዎች ዝሆኔ ብዙ ነው። ለዓመታት በባዶ እግሩ ያረሰ፣ ውኃ የቀዳ ሰው ከአፈሩ የሚገቡ ደቃቅ ማዕድናት እግሩን ያሳብጡበታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ መንደሩ ግን ይተላለፋል ብሎ ያምናል። እግሯ ያበጠ ሴት ባሏ ሲፈታት በሬውንም መሬቱንም ሳትካፈል ወንድሟ ቤት ትጠጋለች፤ ከሰንበቴውም ከልቅሶውም ትቀራለች። ይህች ሴት ወደ እኔ ብትመጣ የንብረት ክፍፍል ክስ እጽፍላታለሁ። ጤና መኮንኑ ጋ ብትሄድ የእግር አያያዝ ያስተምራታል። ማኅበራዊ ባለሙያዋ ደግሞ ወንድሟንና የሰንበቴውን ሙሴ (የማኅበሩን መሪ) ታነጋግርላታለች። አንዱ ከሌላው ተነጥሎ ቢሠራ ግን ፍሬ የለውም። መሬቷን አስፈርደንላት ከቤት መውጣት ካፈረች ከአራሹ ጋር ማን ይዋዋልላታል? እግሯ ተሽሎላት የምትበላው ከሌላትስ?

ቀን ስለ መምረጥ

የገበያ ቀን የሚመች ይመስላል፤ አይመችም። ረቡዕ ገበያ ድንቹን ጭኖ የወረደ የስናን ሰው ልቡ ድንቹ ላይ ነው። ሸጦ፣ ጨውና ሳሙና ገዝቶ፣ ሳይመሽ ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ መመለስ አለበት። የሚሻለው ሞፈር የማይነሣበት የበዓል ቀን ነው፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም ወይም በ27 መድኃኔ ዓለም፣ ከቅዳሴ በኋላ። ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ረጋ ብሎ ይቀመጣል። የራሱ የደብሩ ታቦት የሚነግሥበትን ቀን ግን ተዉት፤ ያን ቀን ጠላው ከእናንተ ይበልጣል። ሐምሌና ነሐሴ መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙሉ ስለሆነ ከነጭራሹ አታስቡት።

ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ የምትናገሩ ከሆነ ከኅዳር አትዘግዩ። ሠርጉ የሚበዛው ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ነው፤ በጥር የደረሰ ባለሙያ የሚያገኘው የተጠመቀ ጠላና የታረደ በግ ነው። ያን ጊዜ አባትየው ሐሳቡን ቢቀይር እንኳ ለወጪው ሲል አይመለስም።

ፈቃድ

አስቀድማችሁ ለቀበሌው ሊቀ መንበር በደብዳቤ አሳውቁ። የወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤትና የጤና ጣቢያው ኃላፊም ይወቁት። ያለ ዕውቅና ሰው መሰብሰብ በዚህ ጊዜ ምን እንደሚያመጣ የሀገሩ ሰው ያውቀዋል። መንገዱ ካላስተማመነ ቀጠሮው ይሰረዝ፤ ጀግንነት አያስፈልግም። ወረቀቱ ካለቀ በኋላ ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ሂዱ። ከቅዳሴ በኋላ በእሳቸው አንደበት የተነገረ ማስታወቂያ ከእኛ ወረቀት ሁሉ ይበልጣል። ከጤና ኬላ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አትለፏት፤ የትኛው ቤት እንደሚጨነቅ የምታውቀው እሷ ናት፤ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ የምትቀረውም እሷ ናት።

አበል ከሌለ የማይወጣ ባልደረባ ይገጥማችኋል። አትለማመጡት። አበል የለመደ ሰው ነፃ ሥራ ላይ ሲቀመጥ ሰዓቱን ነው የሚያየው።

አቀማመጥና አሰማም

ዋርካ ሥር መቀመጥ ለፎቶ ያምራል፤ ለምክር ግን አይሆንም። ማን ምን እንደጠየቀ ሰው ሁሉ ያያል። የትምህርት ቤት ክፍል ወይም የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ለምኑ። እኛ ከውጭ በኩል ማኅበራዊ ባለሙያዋን እናስቀምጣለን፤ እኔና ጤና መኮንኑ በየራሳችን ክፍል ውስጥ ነን። ማንም ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። ይህን ቅደም ተከተል አታፋልሱ። የእኛ ሰው ክርክር ይወዳል፤ ጠበቃ ፊት መጀመሪያ ከተቀመጠ ወዲያውኑ ከሳሽ ይሆናል፤ የወንድሙን ጥፋት ከአያቱ ዘመን ጀምሮ ይቆጥራል፤ ከዚያ በኋላ ለማስታረቅ መንገዱ ይጠባል። እሷ ፊት የተቀመጠ ሰው ግን ችግሩን ነው የሚያወራ።

ስትሰሙ አታቋርጡ። “ስሚኝማ ልጄ” ብለው የጀመሩ አዛውንት መሬቱን ማን አቀና፣ ወሰኑ የት ግራር ነበር፣ ማን ማንን አገባ እያሉ ይሄዳሉ። ዋናው ነገር የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ አንዳንዴም ቆመው ሊወጡ ሲሉ ነው። ቅኔ የሚዘረፍበት ሀገር ነው፤ የቅኔ ጉባኤ ቤቶቹ ዋሸራና ዲማ ቅርብ ናቸው፤ ሰው ነገሩን ፊት ለፊት እንዲያፈርጠው አትጠብቁ። ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ “ለጎረቤቴ ነው የምጠይቅላት” ይላሉ። ለጎረቤቷ ይሁን በሏት፤ ለጎረቤቷ መልሱላት። “ራስሽ ነሽ አይደል?” የሚል ባለሙያ ከዚያ ቀን በኋላ የሚጠይቀው አያገኝም።

ጠበቃው ምን ይይዛል?

ሕግ አታንብቡ፤ ወረቀት እዩ። ሰዎች ደብተራቸውን ይዘው እንዲመጡ አስቀድማችሁ አስነግሩ። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም መኖሩን፣ ስሙ በትክክል መጻፉን፣ የሞተ ሰው ስም አለመቅረቱን ተመልከቱ። መሬታቸውን በእኩል (ምርቱን ለመካፈል) ለአራሽ የሰጡ ባል የሞተባቸው እናቶችን ውላቸው በጽሑፍ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ በቃል ነው፤ ዓመታት ሲያልፉ አራሹ ባለይዞታ ነኝ ይላል። ውሉን በጽሑፍ አድርገው ወረዳ መሬት አስተዳደር እንዲያስመዘግቡ አሳዩአቸው።

ኑዛዜ ላይ ቆም በሉ፤ በእኔ ጠረጴዛ ብዙ ቤት የሚያፋጅ ይህ ነው። ራፖር ጸሐፊ (ማመልከቻ ጸሐፊ) ይጽፈዋል፤ ምስክሮች በየተራ መጥተው ጣታቸውን ያሳርፋሉ፤ ሽማግሌው ሲሞቱ ወረቀቱ ፍርድ ቤት ይወድቃል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ፣ ይህም መፈጸሙና ቀኑ በዚያው ኑዛዜ ላይ እንዲጻፍ፣ ሁሉም ወዲያውኑ እንዲፈርሙ ያዛል። አንዱ ምስክር በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። መጻፍ የሚችል ሰው በራሱ እጅ ሙሉውን ሊጽፍ ይችላል፤ በየገጹ ቀንና ፊርማ ያድርግበት፤ ኑዛዜ መሆኑንም በግልጽ ይጻፍ። ይህ በእጅ የተጻፈው ግን በሰባት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ለሚያኖሩ አባቶች ይህን ሁለት ጊዜ ንገሯቸው።

ለዳኝነት ገንዘብ የሌለው ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 467 መሠረት በድህነት በነፃ ለመክሰስ ማመልከት እንደሚችል ንገሩት፤ የቀበሌ የድህነት ማስረጃ እንዲያወጣም እርዱት።

ጤናው

ስለ ዝሆኔ ንግግር አታብዙ፤ ሳፋ፣ ውኃና ሳሙና ይዛችሁ ሂዱ። ጤና መኮንናችን ቁጭ ብሎ የአንድ ፈቃደኛ ሰው እግር በእጁ ያጥባል፤ በጣቶች መካከል ሳይቀር ያደርቃል፤ ቫዝሊን ይቀባል፤ ካልሲና ሽፍን ጫማ ያለብሳል። ሲቀመጡና ሲተኙ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍንም ያሳያል። እሱ በባዶ እጁ ሲነካው ያየ መንደር ስለ መተላለፍ ሌላ ስብከት አያስፈልገውም።

ጠበቃውም ማኅበራዊ ባለሙያዋም በቃል ሊይዙት የሚገባ የጤና ነገር አለ። የተደፈረች ሴት ወይም ልጅ ከመጣች ከክስ በፊት ሕክምና ይቀድማል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ልብሷን አትጠበው፣ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ። እዚያው ተቀምጣችሁ ቃል ስትጽፉ ሰዓቱ እንዳይሄድ። ሽንት የማትቆጣጠር፣ በወሊድ የተጎዳች እናት ካለች ደግሞ ባሕር ዳር የሚገኘው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል በነፃ እንደሚያክም ለቤተሰቡ ንገሩ። ብዙዎች ገንዘብ ያስፈልጋል ብለው ነው ጓዳ የሚያስቀሯት።

የጤና መድኅን መዋጮ መክፈል የማይችሉ ድሆች ወጪያቸው የሚሸፈንበት አሠራር አለ፤ ስም ዝርዝሩ የሚወጣው ከቀበሌ ነው። ያልተካተተውን ማስታወስ የማኅበራዊ ባለሙያዋ ሥራ ይሁን።

ሽምግልና የት ድረስ?

የወሰን ግፊያ፣ ብድር፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ፣ የወንድማማች ጠብ ለሽማግሌ ይተዉ፤ እንዲያውም ፍርድ ቤት ከሚያዳርቀው ሽማግሌ ቢጨርሰው እመርጣለሁ። መደፈርና የሕፃን ጋብቻ ግን በሽምግልና አይነኩም። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ደግሞ ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ ሦስት ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት እሥራት ያስቀጣል። ድግሱ “ሰንበቴ ነው” ተብሎ ሊሸፈን ይችላል፤ መምህራን ግን ማን ከክፍል እንደቀረች ያውቃሉ። ከአባትየው ጋር የምትነጋገረው ማኅበራዊ ባለሙያዋ ትሁን፤ ከንስሐ አባቱ ጋር ሆና፣ በቤቱ፣ ሰው ሳይሰማ። ካልሰማ ጉዳዩ ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ይሰጥ፤ እናንተ ፖሊስ አትሁኑ። ልጅቷ የልደት ምስክር ወረቀት ከሌላት ዕድሜዋ በሆስፒታል ምርመራ ይገመታል፤ ግምቱም ክርክር አያጣውም። ለዚህ ነው በየወጣንበት ቀበሌ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ እያልን የምንወተውተው።

መዝገብና ክትትል

ደብተራችሁ ላይ ስም አትጻፉ፤ ቁጥር ስጡ። የስሙ ዝርዝር ማኅበራዊ ባለሙያዋ ጋ ብቻ ይቀመጥ። ለእያንዳንዱ ሰው ቀጣዩን እርምጃ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ አንድ ቅጂ በእጁ አስይዙት፤ “ሰኞ ወረዳ መሬት አስተዳደር፣ ደብተር ይዘው” ማለት ይበቃል። ማንበብ ለማይችል ሰው ተማሪ ልጁን ጠርታችሁ በልጁ ፊት አንብቡለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደውላችሁ ማን እንደሄደ፣ ማን እንደቀረ ጠይቁ።

ገንዘብ አትቀበሉ፤ ቅቤም እንቁላልም ይመለስ። የቀረበላችሁን እንጀራ ግን ብሉ፤ እሱን መመለስ ንቀት ነው። ጾም ከሆነ ሹሮ ነው፤ ካልሆነም አብዛኛውን ጊዜ ሹሮ ነው።

ስትወጡ የምትይዙት፦ ካርቦን ወረቀት፣ የጣት አሻራ ቀለም፣ ሳፋና ሳሙና፣ ጓንት፣ የሪፈር ቅጽ፣ የወረዳው ዐቃቤ ሕግና የአምቡላንሱ ስልክ ቁጥር በወረቀት ላይ፤ ስልካችሁ ባትሪ ይጨርሳል፤ ተራራው ሥር ደግሞ ኔትወርክ የለም።