ተሳቢ ላይ ሁለተኛ ባትሪ እንዴት ይገጠማል?

ያለሁት አሜሪካ ነው። ቅዳሜና እሁድ ትንሽ ተሳቢ ጎትቼ ገበያ እወጣለሁ፣ ቡና አፈላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን የተሳቢዋን ፍሪጅ በቀጥታ ከመኪናዬ ነበር የቀጠልኩት። አንድ ቀን ማታ ጓዜን ሸክፌ ቁልፍ ሳዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም። ፍሪጁ የመኪናውን ባትሪ ሙጥጥ አድርጎ ጨርሶታል።

መፍትሔው ተሳቢው የራሱ ባትሪ እንዲኖረው ማድረግ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሒሳብ ሥሩ። የእኔ ፍሪጅ በአማካይ 2 አምፔር ይወስዳል፤ 10 ሰዓት ሙሉ ሲሠራ 20 አምፔር ሰዓት ይሆናል። መብራቱ 1.5 አምፔር ለ6 ሰዓት፣ 9። ድምሩ 29። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ካልወረደ ዕድሜው ይረዝማል፤ ስለዚህ 60 የግድ ነው። እኔ 100 ገዛሁ። ሞተር ማስነሻ ባትሪ ለዚህ አይሆንም፣ ዲፕ ሳይክል የሚባለውን፣ ደጋግሞ ቢወርድና ቢሞላ የሚችለውን፣ ጠይቁ። ሊትየም ክብደቱ ቀላል ነው፤ ግን ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳል። ክረምት የሚከብድበት ግዛት ያላችሁ አስቡበት።

ባትሪውን በሳጥን አድርጋችሁ ወለሉ ላይ በቀበቶ እሰሩት። ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ ሳጥኑ ወደ ውጭ መተንፈሻ ይኑረው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ገመዱ። ተሳቢው መኪናው ላይ የሚሰካበት ሰባት ፒን ሶኬት ላይ የቻርጅ መስመር አለ፤ አንዳንድ መኪና ላይ ግን ፊውዙ ሳይገባ ስለሚመጣ በቴስተር ለኩት። ችግሩ ቅጥነቱ ነው። 10 ቁጥር ሽቦ (ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል)፣ 10 ሜትር ሄዶ 10 ሜትር ሲመለስ፣ በ20 አምፔር 1.3 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይጠፋል። አልተርኔተሩ 14.2 ቢያወጣ ባትሪው ጋ 12.9 ይደርሳል። በዚህ ባትሪ ሙሉ አይሞላም። እኔ በመጨረሻ 6 ቁጥር ገመድ፣ ፖዘቲቭም ኔጋቲቭም፣ ለብቻው ዘረጋሁ። ለመመለሻው በመጎተቻው ብረት አትተማመኑ፤ ዝገት ይይዘዋል። ተሳቢው ውስጥ፣ ከባትሪው አጠገብ፣ የ20 አምፔር ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር ገጠምኩ። ቮልቱን ከፍ አድርጎ ባትሪውን በሚገባ ይሞላል፤ ሞተር ሲጠፋ ደግሞ መስመሩን ይዘጋል። ያቺ «ጠቅ» የቀረችው በእሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ፊውዙን ነው። ይሄ ገመድ በሁለቱም ጫፍ ባትሪ አለው። መሃል ላይ ተልጦ ሻሲ ቢነካ ከሁለቱም በኩል እሳት ይመጣበታል። ስለዚህ ሁለት ፊውዝ፤ አንዱ መኪናው ባትሪ ጋ፣ ሌላው ተሳቢው ባትሪ ጋ፣ ከፖዘቲቩ ከአንድ ስንዝር ሳይርቁ። ለእኔ ቻርጀር 40 አምፔር በቂ ነው።

የሽቦውን ጫፍ በፒንሳ ጨፍልቃችሁ አትለፉ፤ መንገድ ሲያንገጫግጨው ይላቀቃል። የመዳብ ቀለበት አግቡና በትክክለኛ መጭመቂያ ጭመቁት። ተሳቢው ቢበጠስ ፍሬን የሚይዘው ገመድ ካለ በማብሪያ ማጥፊያ በኩል አታሳልፉት፣ በፊውዝ ቀጥታ ባትሪው ላይ ይሁን።

ስትቀጥሉ ኔጋቲቩን መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ ፊውዞቹንም ሁሉም ከታሰረ በኋላ አስገቡ። ሞተር አስነሱና ተሳቢው ባትሪ ላይ ለኩ፤ ቁጥሩ ወደ 14 እየወጣ መሄድ አለበት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጋጠሚያዎቹን በእጅ ዳስሱ። ለብ ቢል ምንም አይደል፤ ካቃጠለ የላላ ቦታ አለ። ሞተሩን አጥፉና የቻርጀሯን መብራት ጠብቁ፤ ካልጠፋች ሞተር መነሳቱን የምትነግረውን ቀጭን ሽቦ ያለቦታዋ አስራችኋታል።