ሞተር ጠጋኝ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ሞተር ሲመጣ ብዙ ጠጋኝ ቶሎ የሚያነሳው መቁረጫውን ነው። ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ይኸው ይመስለኛል። ሞተሩ ለምን እንደተቃጠለ የሚናገረው ያ የጠቆረ ጥቅል (በሞተሩ ውስጥ የተጠመጠመው ሽቦ) ነውና።

የቃጠሎውን መልክ ሳያዩ መቁረጥ
በስታር (የሦስቱ ጥቅሎች አንድ አንድ ጫፍ በአንድ ነጥብ ተገናኝቶ) የታሰረ ባለ 3 ፌዝ ሞተር ሁለቱ ፌዞች ነደው አንዱ ደህና ከሆነ፣ አንድ ፌዝ ጠፍቶበት ሲሠራ እንደነበር ይጠርጥሩ። በዴልታ (ጥቅሎቹ ጫፍ ለጫፍ እንደ ሦስት ማዕዘን ተያይዘው) ከታሰረ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነደው አንዱ ፌዝ ብቻ ነው። ሦስቱም እኩል ከጠቆሩ ጭነት በዝቶበታል፣ ማቀዝቀዣ አየር አጥቷል ወይም ቮልቴጁ ወርዶበታል። ምክንያቱን ሳያጣሩ አዲስ ሽቦ ቢጠመጥሙ ያው የተበላ ኮንታክተር (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ወይም የተበጠሰ ፊውዝ መልሶ ያቃጥለዋል። ደንበኛው የሚወቅሰው ግን ኮንታክተሩን አይደለም።

ሳይመዘግቡ ማውጣት
የዙሩ ብዛት፣ የሽቦው ውፍረት፣ ስንት ሽቦ አብሮ እንደተጠመጠመ፣ ኮይሉ (የሽቦው ጥምጥም) ከስንተኛው ስሎት (ሽቦው የሚገባበት የብረቱ ቦይ) ወደ ስንተኛው እንደሚሄድ፣ የጫፎቹ አያያዝ፤ ሁሉም መጻፍ አለበት። ፎቶ ጥሩ ነው፣ ዙር ግን አይቆጥርም። ውፍረቱን ሲለኩ የሽቦውን ቫርኒሽ ያንሱ። ዙር ከጎደለ ሞተሩ ያለ ጭነትም ብዙ አምፔር ይስባል፣ ብረቱም ይግላል።

ስታተሩን በእሳት ማንደድ
አሮጌው ጥቅል በቀላሉ እንዲወጣ ተብሎ በችቦ የተለበለበ ስታተር (ጥቅሉን የያዘው የማይዞር ክፍል) ውጭው ደህና ይመስላል። ነገር ግን በቀጫጭኑ የብረት ንጣፎች መካከል ያለው ኢንሱሌሽን (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሽፋን) ይጎዳል፣ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ጥሩ ቢጠመጠም ሞተሩ ይሞቃል። ሙቀቱ በሚቆጣጠሩት ምድጃ ውስጥ ይሁን፤ የተለመደው ጣሪያ 370 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው።

በመልቲሜትር ብቻ መፍረድ
መልቲሜትር የሚለካው በትንሽ የባትሪ ቮልቴጅ ስለሆነ የደከመ ኢንሱሌሽን ያልፈዋል። ለ400 ቮልት ሞተር በ500 ቮልት ሜገር (ኢንሱሌሽን በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚለካ መሣሪያ) ይለኩ። 5 ሜጋኦም ዝቅተኛው ወለል ነው፤ አዲስ ተጠምጥሞ በደንብ የደረቀ ጥቅል ከዚህ እጅግ ከፍ ማለት አለበት። ሞተሩ በኢንቨርተር (ፍጥነቱን በሚቆጣጠር መሣሪያ) የሚነዳ ከሆነ ከመለካትዎ በፊት ገመዱን ይንቀሉ፣ አለዚያ ሜገሩ ኢንቨርተሩን ያበላሻል።

ኩሽኔታ በመዶሻ
ሻፍት (የሚሽከረከረው ዘንግ) ላይ ጠብቆ የሚገባ ኩሽኔታ የሚገፋው በውስጠኛው ቀለበት ነው። የውጪውን ቢመቱ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ያልፋል፣ ጠባሳም ይተዋል። በማሞቂያ 110 ዲግሪ ገደማ ቢያደርሱት ያለ ድብደባ ይገባል። ግራሶም አይጠቅጥቁ፤ ሲበዛ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል።

የስም ሰሌዳውን አለማንበብ
230/400 የተጻፈበት ሞተር በ400 ቮልት መስመር ላይ የሚታሰረው በስታር ነው። በዴልታ ካሰሩት እያንዳንዱ ጥቅል በ230 ፋንታ 400 ቮልት ያገኛል፣ ብዙም አይቆይም። 400/690 የሚለው ግን በዚያው መስመር ዴልታ ነው።

ለማስረከብ መቸኮል
ቫርኒሹ በቅጡ ሳይደርቅ፣ ሦስቱ ፌዞች ያለ ጭነት የሚስቡት አምፔር ሳይነጻጸር ሞተሩ አይውጣ። አንዱ ፌዝ ከሌሎቹ ጎልቶ ከተለየ መጀመሪያ የመስመሩን ቮልቴጅ ይለኩ። እሱ እኩል ከሆነ ጥቅሉን እንደገና ይፈትሹ።