የሙሉ ጊዜ አገልግሎት ጥሪ አለኝ ለምትሉ፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ትልቅ ጉባኤ ባለፈ ቁጥር የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን በር የሚያንኳኳ ወጣት ይበዛል። ከኮምቦልቻም ቅዳሜ ከሰዓት በሚኒባስ ሐረጎን ወጥተው የሚመጡ አሉ። ወሬው አንድ ነው፦ «ጌታ ለሙሉ ጊዜ አገልግሎት ጠርቶኛል።» ሥራዬን ትቼ በቤተ ክርስቲያን ደመወዝ ላገልግል ማለታቸው ነው። ቁጭ ብለው ከሚሰሙት አንዱ እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኛል። መከሩ ብዙ ነው፤ በወሎ ደግሞ ሠራተኛው በጣም ጥቂት ነው።

ግን ከመጡት መካከል ብዙዎቹ ጥሪን ገና ወደፊት የሚጀምር ነገር አድርገው ያስቡታል። ሥራ ስለቅ፣ ኮሌጅ ስገባ፣ ተሹሜ እጅ ሲጫንብኝ ይጀምራል ይላሉ። እኔ ግን ዛሬ ማታ ከፈረቃ ስትወጡ ምን እንደምትሠሩ ነው የምጠይቀው። እነዚህን ስህተቶች የጻፍኩትም እዚያ ወንበር ላይ ደጋግመው ስለሚመጡ ነው።

ከሥራ መሸሽን ጥሪ ማለት

አለቃው ያስመረረው ሰው፣ የሌሊት ፈረቃ የሰለቸችው ልጅ፣ ተመርቆ ሥራ ያጣ ወንድም፣ ሁሉም «ጌታ ከዓለማዊ ሥራ እያወጣኝ ነው» ሊሉ ይችላሉ። በ2014ቱ ጦርነት የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ተዘርፈው ሥራ ሲቆም፣ ይህ ንግግር በየቤቱ ይሰማ ነበር። አልፈርድም። ሰው ሲጨንቀው እግዚአብሔር ጋ መሄዱ ትክክል ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ለራሳችሁ አቅርቡ፦ ነገ በእጥፍ ደመወዝ ጥሩ ሥራ ብታገኙ ይህ ጥሪ ይቆያል? መልሱን ለማንም መንገር የለባችሁም።

ኤልሳዕ በተጠራ ጊዜ አሥራ ሁለት ጥማድ በሬ ይዞ እያረሰ ነበር። አሞጽ እረኛ ነበር፣ በለስም ይለቅም ነበር። ሁለቱም በሥራ ላይ እያሉ ነው የተጠሩት።

መድረኩን እንጂ ሥራውን አለማየት

ይህ ከሁሉ የሚበዛው ነው። ወጣቱ የሚያየው እሁድን ነው። ማይክ፣ ከረባት፣ «አሜን» የሚል ሕዝብ። አሁን ደግሞ ቲክቶክ ላይ የሚለቀቅ አጭር ቪዲዮም ተጨምሯል። የወንጌላዊ ሳምንት ግን ሌላ መልክ አለው። ማክሰኞ ተኳርፈው የከረሙ ባልና ሚስት ይመጣሉ፤ ሁለቱም እውነት አላቸው፣ ሁለቱም ይዋሻሉ። ሐሙስ ለቅሶ አለ። አርብ የአዳራሹ አከራይ ኪራይ ልጨምር ነው ብሎ ይደውላል። ቅዳሜ ወንበር የሚደረድር ሲጠፋ ወንጌላዊው ራሱ ይደረድራል። ስብከቱ ከዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።

ጥሩ አንደበት የነበረው አንድ ወጣት ትዝ ይለኛል። ሲሰብክ ጉባኤው ይነሳል። ሽማግሌዎች ለጥቂት ወራት የታመሙትን እንዲጠይቅ ኃላፊነት ሰጡት። መጀመሪያ ሄደ፣ ቀጥሎ በስልክ መጠየቅ ጀመረ፣ በመጨረሻ «የእኔ ጸጋ የቃል ነው» አለን። አሁንም ጥሩ ሰባኪ ነው፣ የእንጀራ ሥራውንም አልለቀቀም፤ ያ ለእሱ ትክክለኛ ቦታው ይመስለኛል።

በዚያው ሰሞን ጥሪ አለኝ ብላ የማታውቅ አንዲት እህት ነበረች። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አብሬያት ሄጄ አየኋት። በፔርሙዝ የአጃ ሾርባ ይዛለች። አልጋው አጠገብ ተቀመጠች፣ ኩባያውን አጥባ ቀዳች፣ ታማሚዋን ቀና አድርጋ ደገፈቻት። ከጎን ባለው አልጋ አንዲት ሙስሊም እናት ተኝተዋል፤ ልጃቸው መድኃኒት ልታመጣ ወጥታለች። «እማማ፣ ለርስዎም ልቅዳ?» አለቻቸው። ጸሎቷ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ድምፅዋ ከአልጋው አላለፈም። ልትወጣ ስትል እኚያ እናት «አላህ ይስጥሽ ልጄ» ብለው መረቋት። ሽማግሌዎች እሷን ነው ጠርተው ያናገሯት። መጀመሪያ «እኔ? መስበክ እኮ አልችልም» ነው ያለችው።

እግረ መንገዴን፣ እህቶች ጥሪን ከመድረክ ጋር ብቻ አያይዘው «ለወንዶች ነው» ብለው ሲተዉት ማየት ያናድደኛል። የልጆች አገልግሎት፣ የምክር አገልግሎት፣ የሆስፒታል ጉብኝት በበጎ ፈቃድ ብቻ ሊያልቅ የሚችል ሥራ አይደለም።

በአንድ ትንቢት ተነስቶ መውጣት

ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ አገልጋይ በሺህ ሰው መካከል ጠቁሞ «አንተን ጌታ ለአሕዛብ ጠርቶሃል» ይላል። ልጁ ሰኞ መልቀቂያ ያስገባል። እንግዳው ማክሰኞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ትንቢትን አልንቅም። ግን የሐዋርያት ሥራ 13ን አንብቡ። በርናባስና ሳውል «ለዩልኝ» በተባሉ ጊዜ በአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን ሲያስተምሩ ከርመዋል። ቃሉም የመጣው አብረዋቸው እያገለገሉና እየጾሙ ባሉ ሰዎች መካከል ነው። እጅ የጫኑባቸውም እነዚያው ናቸው። ሳሙኤልም ድምፁን ሰምቶ የማን እንደሆነ አላወቀም፤ የነገረው ሽማግሌው ዔሊ ነው። ዔሊ ደግሞ ፍጹም ሰው አልነበረም። እኛም የደሴ ሽማግሌዎች ፍጹማን አይደለንም። ቢሆንም ስትበሳጩ፣ ብድር ስትመልሱና ስትዘገዩ ያየናችሁ እኛ ነን። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በማንም ላይ ፈጥነህ እጅህን አትጫን ያለው ለዚሁ ነው።

የጎረቤትን ምስክርነት መርሳት

ይህኛው በተለይ ለእኛ ለወሎዬዎች ነው። ለጢሞቴዎስ በተላከው በዚያው ደብዳቤ ስለ መሪ ከተጻፈው ዝርዝር ውስጥ «በውጭ ካሉት መልካም ምስክር ያለው» የሚል አለ። ደሴ ላይ «በውጭ ያሉት» ሩቅ አይደሉም። ግድግዳ የምትጋሩት ሀጂ ናቸው። ኦርቶዶክስ አክስታችሁ ናቸው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ሃይማኖት ያለበት አገር ነው። በረመዳን ፍጥር የሚጠራችሁ፣ በገና የምትጠሩት ሰው ስለናንተ ምን ይላል?

አንዳንዱ ጥሪ አለኝ ካለ በኋላ የሰፈር ለቅሶ መድረስ ይተዋል። ቡና ሲጠራ አይሄድም። ሱቅ ያለበትን ዱቤ አይከፍልም። ከዚያ ስለ እምነቴ ስደት ደረሰብኝ ይላል። ስደት በእርግጥ አለ፤ ዱቤ አለመክፈል ግን ስደት አይባልም። እኛ አንድን ሰው ከማሰማራታችን በፊት ሰፈሩ ሄደን ባለሱቁን እናናግራለን። ባለሱቁ ሙስሊም ቢሆንም ባይሆንም «አብሽሩ፣ ጥሩ ልጅ ነው» ካለ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ደመወዝ መጠየቅን ማፈር

«በእምነት እወጣለሁ» ቆንጆ ቃል ነው። ሚስት ግን ኪራይ የሚከፈልበትን ቀን ታውቀዋለች። ባለትዳር ሆናችሁ እሷ በሙሉ ልቧ ሳትስማማ አትውጡ፤ ይህ ለእህቶችም ስለ ባሎቻቸው ይሠራል። ለቤተሰቡ የማያስብ ከማያምን ይብሳል የሚለው ቃል ለአገልጋይ ሲሆን አይላላም።

ስለዚህ በግልጽ ጠይቁ። ደመወዙ ስንት ነው? ማን ይከፍላል? አጥቢያው ወይስ ከውጭ ያለ ደጋፊ? ደጋፊው ሲያቆምስ? ጡረታስ? በግል ድርጅት ስትቀጠሩ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራል። ብዙ አጥቢያዎች ይህን አስበውት አያውቁም። ስትጠይቁ ፊቱን የሚያጨማድድ ሽማግሌ ሊኖር ይችላል፤ ጠይቁት። ወንጌልን የሚሰብኩ ከወንጌል እንዲኖሩ ጌታ ደንግጓል ያለው ጳውሎስ ራሱ ነው።

ሥራ ይዞ ማገልገልን ዝቅ አድርጎ ማየት

ያው ጳውሎስ ቆሮንቶስ ሲደርስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር። በየሰንበቱ ምኩራብ ይገባል፤ ሌላውን ቀን ይሠራል። ሲላስና ጢሞቴዎስ ከመቄዶንያ ሲመጡ ነው ሙሉ በሙሉ በቃሉ የተጠመደው። በሌላ ደብዳቤው ከመቄዶንያ የመጡ ወንድሞች ጉድለቱን እንደሞሉለት ይናገራል። ስለዚህ ድጋፍ ሲመጣ መርፌውን አስቀመጠ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ አነሳ። ያው ሰው፣ ያው ጥሪ ነው።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ወንድም በምሳ ሰዓት አምስት ሰው ሰብስቦ ቃል ያካፍላል። እኔ ከረባት አስሬ ያን በር ማለፍ አልችልም። እሱን ከዚያ አውጥቶ ቢሮ ማስቀመጥ ትርፍ መስሎ አይታየኝም።

ትምህርትን መናቅ፣ ወይም በትምህርት መደበቅ

አጭር ነው። ሳይማር ለመምራት የሚቸኩል አለ፤ ከኮሌጅ ኮሌጅ እየዞረ ዲፕሎማ የሚሰበስብም አለ። በርቀት የሚሰጥ የሥነ መለኮት ትምህርት ስላለ ሥራ ሳትለቁ መጀመር ትችላላችሁ። ከአገልግሎታችሁ ጎን ለጎን ተማሩ።

መቼም አለመውጣት

የመጨረሻው የተገላቢጦሹ ነው። ሽማግሌ ጠርቶ አነጋግሮታል፣ ሚስቱ ተስማምታለች፣ ሥራው በእጁ ፍሬ አፍርቷል፣ ስለ ደመወዙም ተነጋግሯል። እሱ ግን «ገና ድምፅ አልሰማሁም» ይላል። ዓመት ያልፋል፣ ሌላ ዓመት ይመጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የምመክረው ቀላል ነው። አሠሪያችሁ ከፈቀደ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቁ። ካልሆነ የዓመት ፈቃዳችሁን ሰብስባችሁ ውሰዱ። በዚያ ጊዜ ኩታበር ወይም ሐይቅ በኩል ካለች ትንሽ አጥቢያ ጋር ኑሩ፤ እዚያው እደሩ፣ እዚያው ብሉ። ከመውጣታችሁ በፊት ማን እንደሚከታተላችሁና ማን ሪፖርት እንደሚቀበል ከሽማግሌዎች ጋር በጽሑፍ ተስማሙ። ስትመለሱ የናንተን ሐሳብ ብቻ ሳይሆን የዚያችን አጥቢያ ምእመናንም እንጠይቃለን።