የውሃ ውስጥ ባትሪ ሲያስቸግር፦ ለሐይቅ ጠላቂዎች

«ሐይቅ» የሚባለው የወሎ ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ከዳር ሲያዩት ጥርት ያለ ይመስላል። ወደ ውስጥ ሲጠልቁ ግን አረንጓዴ ጭጋግ ይጠብቅዎታል፤ ያለ ባትሪ ብዙ አይታይም። ውድ የጠላቂ ባትሪ ለብዙዎቻችን አይቀመስም። ርካሹም ይሠራል፤ የሚያስቸግርበትን ቦታ ማወቅ ነው።

ውሃ ገባበት

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ ክዳኑ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት ነው፤ መካኒኮች ኦሪንግ የሚሉት። አንዲት ፀጉር ወይም የአሸዋ ቅንጣት ታስገባለች። በየ10 ሜትሩ የውሃው ግፊት በ1 ባር (ባህር ወለል ላይ ያለውን የአየር ግፊት ያህል) ስለሚጨምር፣ ባልዲ ውስጥ ደህና የነበረው ሐይቅ ውስጥ ውሃ ያስገባል።

ቀለበቱን በስለት ሳይሆን በጣት አውጥተው በንጹህ ጨርቅ ይጥረጉት። ከተሰነጠቀ ይቀይሩት። ከዚያ ስስ አድርገው ሲሊኮን ግሪስ ይቀቡት። ቫዝሊን ይቅርብዎ፤ አንዳንዱን ጎማ ያሳብጠዋል።

ሲገዙም ክዳኑን ፈተው ይዩ። ሁለት ቀለበት ያለው ይሻላል። ካርቶኑ ላይ «አይፒኤክስ8» የሚል የውሃ መከላከያ ደረጃ መጻፉ ብቻውን እስከ ስንት ሜትር እንደሚችል አይነግርዎትም። በሜትር የተጻፈውን ይፈልጉ።

እሱንም ዝም ብዬ አላምንም። የባትሪ ድንጋዩን አወጣና በቦታው ሶፍት እከታለሁ። ክብደት አስሬ ከጀልባ ላይ፣ በየሜትሩ በተቋጠረ ገመድ፣ ልጠልቅ ወዳሰብኩበት ጥልቀት አወርደዋለሁ። 20 ደቂቃ ቆይቶ ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ይዤው እገባለሁ።

አደራ፦ ውሃ የገባበትን ሊቲየም ድንጋይ ደግመው ቻርጅ አያድርጉ። ክዳኑን ሲከፍቱም ከፊትዎ ያርቁት። ውስጡ ጋዝ ተጠራቅሞ ክዳኑን ሊያስፈነጥረው ይችላል።

መስታወቱ ላብ አወጣ

ጠብታ ከሌለ ውሃ አልገባበትም። እርጥብ አየር ታሽጎበት ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ሲገባ ነው። ደረቅ ቦታ ከፍተው ያናፍሱትና ይዝጉት።

ቶሎ ይደክማል

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይታለላል። አብዛኛው ርካሽ ባትሪ 18650 የሚባለውን ድንጋይ ይጠቀማል፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው። የዚህ ዓይነቱ ጥሩ የሚባለው 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ነው የሚይዘው። 9,900 የሚል ጽሑፍ ካዩ ውሸት ነው፤ ይመልሱት። ደህናው 45 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ የውሸቱ ብዙ ጊዜ በጣም ይቀላል። የወርቅ ሚዛን ያለው ወዳጅ ካለዎት ያስመዝኑት። እኔ ብሆን ከባትሪው ዋጋ ቀንሼ ድንጋዩ ላይ እጨምራለሁ።

ድንጋዩ ደህና ሆኖም ከደከመ፣ የሞላውን (የጠመዝማዛውን ሽቦ) ጫፍና የክዳኑን ጥርስ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። ጀልባ ላይ አብርተው ከሆነም ግሎ ይሆናል። የጠላቂ ባትሪ የሚቀዘቅዘው በውሃው ነው፤ ከገቡ በኋላ ያብሩት።

ኃይለኛ ነው፣ ግን ምንም አይታይም

ደሴ አጠገብ ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ ረዥም መብራት ያበራ ሹፌር ነጭ ግድግዳ ነው የሚያየው። ሐይቅም ውስጥ እንደዚያው ነው። ውሃው ውስጥ የተንሳፈፈው ደቃቅ ነገር ብርሃኑን ወደ ዓይንዎ ይመልሰዋል። 120 ዲግሪ የሚበትን የቪዲዮ ባትሪ እዚህ አይሆንም። 10 ዲግሪ ገደማ ጠባብ ጨረር ያለውን ይምረጡ። ከመነጽርዎ አጠገብ ሳይሆን ክንድዎን ዘርግተው በጎን ይያዙት። አንዳንዴ ብርሃኑን መቀነሱም ይበልጥ ያሳያል።

እታች ድርግም አለ

እዚያው አይነካኩት። ለዚህ ነው ሁለተኛ ትንሽ ባትሪ ኪስ ውስጥ የሚያዘው። እሱን አብርተው ጓደኛዎን ይጠቁሙና አብራችሁ ውጡ፣ በደቂቃ ከ9 ሜትር ሳትፈጥኑ። ሐይቅ ከባህር ወለል ከ1,900 ሜትር በላይ ስለሆነ ለባህር የተሠራ የመጥለቂያ ሠንጠረዥ (በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው) እንዳለ አይሠራበትም። ደሴ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። ከውሃ እንደወጡ ወዲያው መኪና ይዘው ሽቅብ እንዳይወጡ፤ አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ ሊጎዳዎት ይችላል።