ታብሌቱ እምቢ ሲል፦ ለመስክ ዳታ ሰብሳቢዎች ችግርና መፍትሄ

ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነበር። በአንዲት የወረዳ ከተማ ሆቴል ውስጥ ሰባት ሆነን አንድ ማከፋፈያ ከበን ታብሌት ቻርጅ እናደርጋለን። ከልጆቹ አንዱ ቀስ ብሎ መጣና "ጋሼ፣ አፑ ሲያስቸግረኝ ጊዜ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፤ አሁን ደህና ነው" አለኝ። ተቀብዬ ከፈትኩት። እውነትም አፑ ደህና ነው። ግን ባዶ ነው። የሦስት ቀን ሥራ፣ የ14 ቤተሰብ ቃለ መጠይቅ አብሮ ሄዷል።

ልጁ ጎበዝ ሠራተኛ ነበር። ቀድሞ የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው። ስለዚህ መስክ ላይ ደጋግመው የገጠሙኝን ችግሮች ከነመንስኤያቸው ልጻፍላችሁ። የማወራው በታብሌት ፎርም ስለምንሞላባቸው ሁለት አፖች፣ ስለ ኦዲኬ ኮሌክትና ስለ ኮቦኮሌክት ነው። ኮቦኮሌክት የተሠራው ኦዲኬን መሠረት አድርጎ ስለሆነ የአንዱ ሜኑ ለሌላውም ይሠራል። የታብሌቱ ሴቲንግ ግን እንደየስሪቱ ቦታው ትንሽ ይለያያል።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት

አራት ነገሮችን በራሳችሁ ውሳኔ በጭራሽ አታድርጉ። አፑን ከታብሌቱ ላይ አታጥፉ፤ አንኢንስቶል ማለቴ ነው። በታብሌቱ ሴቲንግ ገብታችሁ "ክሊር ዳታ" ወይም "ክሊር ስቶሬጅ" የሚለውን አትንኩ። "ፋክተሪ ሪሴት" አታድርጉ። አፑ ውስጥ ካለው "ዲሊት ፎርም" ራቁ።

ድሮ የሞላናቸው ፎርሞች ታብሌቱ ሚሞሪ ላይ "ኦዲኬ" በሚባል ለብቻው በተቀመጠ ፎልደር ውስጥ ነበር የሚቀመጡት። አፑ ቢጠፋም ፎልደሩ ይቀር ነበር። ብዙ የቆዩ ሱፐርቫይዘሮች "አጥፋና ጫነው" የሚሉት ከዚያ ዘመን በቀረ ልማድ ነው። አሁን ግን ፎርሞቹ የሚቀመጡት አፑ ውስጥ ነው። አፑ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ።

ጉዳት የሌላቸው ነገሮችም አሉ። ታብሌቱን አጥፍቶ ማብራት አይጎዳም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ እሱ ብቻ ይበቃል። "ክሊር ካሽ" የሞላችሁትን ፎርም አይነካም። ከክሊር ዳታ ጎን ለጎን ስለሚቀመጥ ግን ጣታችሁ እንዳይስት አደራ።

"የሞላሁት ፎርም የለም!"

አይዟችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ አለ። ሁለት ቦታ ፈልጉ።

መጀመሪያ ድራፍትስ ውስጥ፣ ማለትም ያላለቁ ፎርሞች የሚቀመጡበት ውስጥ ግቡ። ፎርሙን ጨርሳችሁ ስትወጡ "ሴቭ አዝ ድራፍት" ብላችሁ ከሆነ ለመላክ የተዘጋጁት በሚቀመጡበት በሬዲ ቱ ሴንድ ውስጥ አይታይም። ከድራፍትስ ክፈቱት፣ እስከ መጨረሻው ሂዱ፣ "ፋይናላይዝ" በሉት። ያልተመለሰ አስገዳጅ ጥያቄ ካለ ራሱ ወደዚያ ይወስዳችኋል። ያን መልሱና ድገሙት።

እዚያም ከሌለ ከላይ በቀኝ በኩል ያለችውን ባለ ቀለም ምልክት እዩ። በላይዋ አንድ ፊደል አለባት። እሷ የፕሮጀክቱ ምልክት ናት። ሥልጠና ላይ የተለማመዳችሁበት ፕሮጀክትና ዋናው ሥራ የተለያዩ ናቸው። የአንዱ ፎርም በሌላው ውስጥ አይታይም። ምልክቷን ስትነኩ ሌሎቹ ይዘረዘራሉ። ቀይሩና እዩ፤ ሁሉም እዚያ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ።

የዚሁ ችግር ሌላ መልኩ "እኔ ልኬያለሁ፣ ቢሮ ግን አልደረሰንም ይላል" የሚለው ነው። ወደ ሥልጠናው ፕሮጀክት ተልኮ ሊሆን ይችላል። ያኔ ፎርሙን እንደገና አትሙሉ። የተላኩ ፎርሞች ከሚጠራቀሙበት ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ ላይ ማውጣት ስለሚቻል ለሱፐርቫይዘራችሁ ቀኑንና የፎርሙን ብዛት ንገሩ። በየማለዳው ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ያችን ምልክት የማየት ልማድ ይኑራችሁ።

ኔትወርክ አለ፣ ፎርሙ ግን አይላክም

መጀመሪያ ሂሳባችሁን እዩ። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ *804# ደውሉ። ፓኬጁ አልቆ ሳለ የኔትወርኩ ምልክት ሙሉ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ በአፑ ሴቲንግ "ፎርም ማኔጅመንት" ውስጥ "ኦቶ ሴንድ" የሚለውን ተመልከቱ። "ዋይፋይ ብቻ" ላይ ከተደረገ በሲም ዳታ ራሱ አይልክም። ሬዲ ቱ ሴንድ ገብታችሁ ፎርሞቹን መርጣችሁ በእጃችሁ ላኩ። ሴቲንጉ በይለፍ ቃል ከተቆለፈ ሆን ተብሎ የተቆለፈ ነውና ሱፐርቫይዘሩን ጥሩ።

ሁለቱም ደህና ሆነው ካልላከ የታብሌቱን ቀን እዩ። ይህኛውን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። ባትሪው ጨርሶ ሞቶ የቆየ ታብሌት ሲበራ ቀኑ 1970 ላይ ሊገኝ ይችላል። ታብሌቱ ከሰርቨር ጋር ሲገናኝ የሰርቨሩን የደህንነት ሰርተፍኬት ይመረምራል። ሰርተፍኬቱ የሚያገለግልበት ቀን የተወሰነ ነው። ታብሌቱ 1970 ላይ ከቆመ ሰርተፍኬቱ ገና ያልጀመረ ይመስለውና ግንኙነቱን ይዘጋዋል። ቀኑን አስተካክሉት፤ ወዲያው ይላካል።

ቢሮ "ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው ወይ የጠየቅከው?" ሲል

ይህ ጉዳይ ሰውን ያስቀይማል፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቤት ገብቶ ይጠይቃል። ታብሌቱ ደግሞ 9:00 ይላል። ግራ ስለሚያጋባው ሴቲንግ ገብቶ ሰዓቱን በእጁ 3:00 ያደርገዋል። ለእሱ ትክክል ነው፤ የእኛ አቆጣጠር ነው። ፎርሙ ግን ቃለ መጠይቁ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት በስውር ይመዘግባል። ቢሮ ያለው ሰው ዳታውን ሲከፍት 3:00 ማለዳ ተብሎ ይታየዋል፤ በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ማለት ነው። ከዚያ "ይህ ልጅ ሆቴል ቁጭ ብሎ ነው የሞላው" ይባላል። በፀሐይ ሲንከራተት የዋለ ልጅ በስድስት ሰዓት ልዩነት ስሙ ይጠፋል።

መፍትሄው ቀላል ነው። ሴቲንግ፣ ከዚያ "ሲስተም"፣ ከዚያ "ዴት ኤንድ ታይም" ግቡ። ኦቶማቲክ የሚለውን አብሩ። ኔትወርክ ከሌለ በእጃችሁ በፈረንጅ ሰዓት ሙሉት። የሰዓት ቀጠናው የምሥራቅ አፍሪካ፣ ማለትም +3 መሆኑን አረጋግጡ። ይህን የምታደርጉት ፎርም ከፍታችሁ መሃል ላይ ሳይሆን አዲስ ፎርም ከመክፈታችሁ በፊት ይሁን። አለበለዚያ ቃለ መጠይቁ ከስድስት ሰዓት በላይ የፈጀ ይመስላል።

በተሳሳተ ሰዓት የተሞሉትን ፎርሞች ልታርሟቸው አትሞክሩ። "ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የእኔ ታብሌት 6 ሰዓት ወደኋላ ነበር" ብላችሁ ለሱፐርቫይዘሩ በጽሑፍ ላኩ። ቢሮው በአንድ ጊዜ ያስተካክለዋል። እናንተም በስማችሁ ላይ የሚነሳ ጥያቄ አይኖርም።

የክትባት ጥያቄዎቹ ዘለሉ

እናትየው ሕፃን ታቅፋ ፊት ለፊታችሁ ተቀምጣለች። ፎርሙ ግን ስለ ክትባት ሳይጠይቅ ወደ ሌላ ክፍል ዘሎ ሄደ። ፎርሙ ተበላሸ ብላችሁ አትውጡ። ወደኋላ ተመለሱና የልደቱን ቀን እዩ።

እናትየው "ጥቅምት 10፣ 2014" ብላለች። የፎርሙ ቀን መሙያ የፈረንጅ ከሆነና "ኦክቶበር 10፣ 2014" ብላችሁ ከሞላችሁ ሕፃኑን 7 ዓመት አስረጅታችሁታል። ትክክለኛው ኦክቶበር 20፣ 2021 ነው። ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ብቻ የሚወጣው ጥያቄ ታዲያ እንዴት ይውጣ?

ኦዲኬ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል። ፎርሙን የሠራው ሰው ካዘዘው 13ቱም ወራት ይመጣሉ፤ የፈረንጁ ቀንም አብሮ ይታያል። ሰርቨር ላይ የሚቀመጠው ግን በፈረንጅ ተቀይሮ ነው። ስለዚህ ቀን ከመሙላታችሁ በፊት የወሩን ስም አንብቡ። መስከረም፣ ጥቅምት ካለ እናትየው እንዳለችው ሙሉ። ጃንዋሪ ካለ ቀይራችሁ ሙሉ። ለዓመቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ 7 ደምሩ፣ ከዚያ በኋላ 8። ለቀኑ ግን በግምት አትሂዱ፤ ከዘመን መቀየሪያ አፕ ወይም ሁለቱንም ቀን ከያዘ የግድግዳ ካላንደር አረጋግጡ።

ቀኑን ስታርሙ የተዘለሉት ጥያቄዎች ይመለሳሉ። እናትየው ከመነሳቷ በፊት ስህተቱን ያዩ ሰዎች ለዚያው ቤት ዳግም ያን መንገድ አይሄዱም።

ጂፒኤስ አልይዝ አለ

ጥያቄው ላይ "አኩራሲ" እያለ በሜትር ቁጥር ያሳያችኋል። ቦታው በስንት ሜትር ሊሳሳት እንደሚችል ማለት ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጥሩ ነው። ፎርሙን የሠራው ሰው ካልቀየረው በቀር አፑ 5 ሜትር እስኪደርስ ይጠብቃል። 80 ላይ ተገትሮ ከቀረ ምናልባት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቀምጣችኋል። ቆርቆሮ የሳተላይቱን ሲግናል ይከለክላል። ባለቤቶቹን አስፈቅዳችሁ ደጅ ውጡ፤ ከግድግዳና ከዛፍ ራቅ በሉ። ታብሌቱን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ሰማይ እያሳያችሁ ቁሙ።

አዲስ ወረዳ ገብታችሁ የመጀመሪያው ጠዋት ላይ ከዘገየ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ታብሌቱ የትኛው ሳተላይት የት እንዳለ አያውቅም። ኢንተርኔት ካለ በሰከንዶች ያገኘዋል። ከሌለ ከሳተላይቶቹ ራሱ ይቀበላል፤ ሙሉውን ለመቀበል 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ብዙ ሰው በአምስተኛው ደቂቃ ተስፋ ቆርጦ ያጠፋዋል፤ እንደገና ሲያበራው ከመጀመሪያ ይጀምራል። እኔ የማደርገው ይህ ነው፦ ቁርስ እየበላን ሳለ ኔትወርክ ባለበት፣ ደጅ፣ የካርታ አፕ ከፍቼ አስቀምጠዋለሁ። መንገድ ስንጀምር ዝግጁ ነው።

ጨርሶ ቁጥር ካላሳየ "ሎኬሽን" መብራቱን፣ አፑም ትክክለኛ ቦታ እንዲያይ መፈቀዱን እዩ። ረስታችሁ ከቤቱ ከወጣችሁ ተመልሳችሁ ሂዱ። የቆማችሁበትን ቦታ አትሙሉበት፤ ያ የሌላ ሰው ቤት ነው።

ስክሪኑ በራሱ ይነካካል፣ ወይም አልነካም ይላል

ቻርጅ ላይ ሳለ ብቻ የሚያብድ ከሆነ ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው። ርካሽ ቻርጀር የሚያመጣው ያልተጣራ ኤሌክትሪክ ስክሪኑን ያሳስተዋል፤ ጣት የነካው ይመስለዋል። መልስ በራሱ ሲመረጥ አይቻለሁ። ነቅላችሁ ሥሩ።

አልነካም ካለ እጃችሁን አድርቁ፣ ስክሪኑን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ከስክሪን ጠባቂው ሥር አቧራ ገብቶ ከሆነ አንሱት። ገጽ መግፋት ካስቸገረ ደግሞ በአፑ ሴቲንግ "ዩዘር ኢንተርፌስ" ውስጥ "ናቪጌሽን" አለ። እዚያ ከመግፋት በተጨማሪ ቁልፍ እንዲመጣ ማድረግ ይቻላል። እጁ ላብ ላለው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። የፊደሉ መጠንም እዚያው ይስተካከላል፤ ዓይናችሁን አታስጨንቁ።

ባትሪው እስከ ማታ አይቆይም

ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ገጠር ታብሌቱ ቀኑን ሙሉ ኔትወርክ ሲፈልግ ነው ባትሪውን የሚጨርሰው። ቤት ለቤት ስትዞሩ ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። በአብዛኞቹ ታብሌቶች ጂፒኤሱ በዚህ ጊዜም ይሠራል። ፀሐይ ላይ ለማንበብ ጥቁሩን ሳይሆን ነጩን ገጽታ ተጠቀሙ። ታብሌቱ በጣም ከጋለ ብርሃኑን ራሱ ይቀንሳል፤ ጥላ ሥር አሳርፉት።

ሚሞሪ ሞላ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ፎቶ ነው። በፎርም ማኔጅመንት ውስጥ "ኢሜጅ ሳይዝ" የሚለውን ሱፐርቫይዘሩ ዝቅ እንዲያደርገው ጠይቁ። አማርኛ መጻፊያው ከጠፋ ከኪቦርዱ ላይ የምድር ኳስ ምልክቱን ንኩ።

ስክሪኑ ተሰበረ፣ መብራቱ ግን አለ

ይህ ሲሆን ሁሉም ሰው ዳታው የጠፋ ይመስለዋል። ምስሉ የሚታይ ከሆነ አልጠፋም። አንዲት ዳታ ሰብሳቢያችን ከባጃጅ ስትወርድ ታብሌቷ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ስክሪኑ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጠቀ። የትም ብንነካው አይሰማም። ያልተላኩ ስድስት ፎርሞች ነበሩበት። ማታ ከአንድ የሞባይል መጠገኛ ሱቅ ኦቲጂ የምትባለዋን አጭር ገመድና ተራ የኮምፒውተር ማውስ ተዋስን። ሁሉም ታብሌት አይቀበልም፤ የእኛው ተቀበለ። ስክሪኑ ላይ ትንሽ ቀስት ብቅ አለች። በማውሱ የይለፍ ቁጥሩን አስገባን፣ ዳታ ከፈትን፣ ሬዲ ቱ ሴንድ ገባን፣ ሁሉንም መረጥን። ልጅቷ አጠገቤ ተንበርክካ ቁጥሩን ጮክ ብላ ትቆጥር ነበር። ስድስቱም ሄዱ።